የሃኖይ ሾርባ አሠራር፣ ለፀሐይወርቅ

ውድ ፀሐይወርቅ፣

«ያቺን የሃኖይ ሾርባ አንድ ጊዜ ደግሞ ያቀመሰኝ ሰው፣ የፈለገውን ይጠይቀኝ!»

ጓድ አዘዘ ይህን ሲናገሩ የሰማሁት፣ አንቺ ገና እዚህ ባሕር ዳር ሳለሽ፣ በቀበሌው ኅብረት ሱቅ በር ላይ ለስኳር ተሰልፌ ሳለሁ ነው። የተናገሩት ለእኔ አልነበረም፤ ለዘበኛው ነበር። ዘበኛውም «እሺ፣ ጓድ ሊቀመንበር» ብሎ በሩን ከፈተላቸው። እኔ ግን የመጻሕፍት ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የተጻፈውን እንደ ተጻፈ፣ የተባለውን እንደ ተባለ መውሰድ የሥራዬ ጠባይ ነው። ስኳሩን ትቼ በቀጥታ ወደ አንቺ መጣሁ።

ባለፈው ሰሞን ከአቃቂ የመጣችው የሥራ ባልደረባሽ መልእክትሽን አድርሳልኛለች። «ሰላም ብላሻለች፤ የዚያን ሾርባ አሠራር ረስታዋለች፤ አምባቸው አማረኝ ስላለ ጻፊላት። ደግሞ፣ አገኘሁ እንዴት ነው?» በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የነገረችኝ። ሾርባው ይቀድማል፣ ባልሽ ይከተላል፣ ወንድሜ «ደግሞ» በምትል ቃል ተደግፎ ከኋላ ይመጣል። እኔም በጠየቅሽው ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ሾርባውን ከረሳሽ ሌላውንም ረስተሽ ይሆናልና፣ ያንንም በየመካከሉ ጣል እያደረግሁ አስታውስሻለሁ።

መጀመሪያ አጥንቱ ነው። ቅልጥምና የመገጣጠሚያ አጥንት በቀዝቃዛ ውሃ ትጥጃለሽ፤ ገንፈል ሲል ውሃውን እንዳለ ትደፊዋለሽ። ይህን ሳደርግ ጎረቤታችን እትዬ አደይ በአጥር ላይ አይታኝ፣ «ኧረ በስመ አብ! የመረቁን ልብ ደፋሽው እኮ!» ብላ ጮኸች። አንቺ ከተቀመጥሽበት ሳትነሺ፣ «የሚደፋው ቆሻሻው ነው፣ እትዬ አደይ፤ ጥሩው ኋላ ነው የሚመጣው» አልሻት። አባባሉ ደስ ስላለኝ በቃሌ ያዝሁት። ብዙ ደስ የሚሉ አባባሎች በቃሌ አሉኝ፤ ያንቺው ብቻ ነው ከአጥንት ጋር የመጣ።

ከዚያ በሌላ ንጹሕ ውሃ ትጥጅውና እሳቱን ዝግ ታደርጊዋለሽ። ዝንጅብልና ቀይ ሽንኩርት ከነልጣጩ ፍም ላይ ጠበስ አድርገሽ፣ የከሰለውን ጠርገሽ ትጨምሪያለሽ። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ድንብላል አመስ አድርገሽ በጨርቅ ቋጥረሽ ትከቻለሽ። አንቺ በእጅሽ እየሣልሽ ያሳየሽኝ፣ ዙሪያውን ጣት ያለው ኮከብ የሚመስል ቅመም ነበር፤ በባሕር ዳር ኮከብ የሚገኘው በመኮንኖች ትከሻ ላይ ብቻ ስለሆነ የእንስላል ዘር ተክተንበታል። ሽታው ይቀርበዋል ብለሻል። እኔ ሃኖይን ስላላየሁ አምኜሻለሁ።

ያን ጊዜ በብዙ ነገር አምኜሽ ነበር።

ሁለተኛው ዙር ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት ጊዜ ነው። አገኘሁ፣ ከአንበሳሜ አምጥቼ ያሳደግሁት ታናሽ ወንድሜ፣ በሐይቁ ጀልባ ላይ ገመድ ወርዋሪ ሆኖ ተቀጥሯል። ጎርጎራ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ዓለምን የዞረ ያህል ያወራልን እንደ ነበር ይኸው አንቺም ትመሰክሪያለሽ፤ «ዛሬ ደግሞ ጉማሬ ወይስ ማዕበል?» እያልሽ ታበሽቂው ነበር። ዕድሜው ለውትድርናው የደረሰ፣ ጤናው ሙሉ፣ ወገን የሌለው ልጅ ነው። ከቀበሌያችን ማን እንደሚሄድ የሚወስኑት ጓድ አዘዘ ናቸው። «አንድ ስም መፋቅ አያቅታቸውም፤ ሁለት ግን አይደፍሩም» ይባል ነበር። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ሁሉም ግን ይለው ነበር።

አንቺና ጓድ አዘዘ ደግሞ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጋር ሃኖይ ደርሳችሁ የተመለሳችሁ ናችሁ፤ አንቺ ለሥልጠና፣ እሳቸው ለወዳጅነት። አንቺ ከዚያው ከሃኖዩ ፋብሪካ ወጥ ቤት ሴትዮ ጋር ገጥመሽ ሾርባውን ስትሠራ እያየሽ ተማርሽ። እሳቸው እየበሉ ወደዱት።

የሰማሁትን ስነግርሽ መጀመሪያ ስቀሽ ልትሞቺ ነበር።

«አንቺ ደግሞ! ሰውየው አፉ ያመጣለትን የተናገረውን!»

«የፈለገውን ይጠይቀኝ ነው ያሉት።»

«ሾርባ ለውትድርና? የሺ፣ ተይ እንጂ።»

«ሌላ ምን አለኝ?» አልሁሽ።

ያን ጊዜ ሳቅሽን ተውሽ። «ቆይ እስቲ፤ ለምን አይሆንም?» አልሽ። እኔ ላበስል፣ አንቺ ልትነግሪልኝ ተስማማን። «አንቺ ከጀመርሽው ታለቅሺያለሽ» አልሽኝ፤ «ሹም ፊት ያለቀሰ ሰው ምሳውን አበላሸ እንጂ ምንም አያገኝም። እኔ ቀለል አድርጌ ጣል አደርገዋለሁ።» እጅሽን ሳምሁት። የሳምሁት ቀኝሽን ነው፤ ፍም የጠበሰሽ ጠባሳ ያለበትን።

ወደ ሥራችን እንመለስ። አንቺ ከነገርሽኝ የጎደለ እንዳይኖር በመጻሕፍት ቤቱ ስለ ቬትናም ያለንን ሁሉ አገላበጥሁ። ሁሉም ስለ ትግሉ ነው። ያ ሕዝብ ያን ያህል ዘመን ሲዋጋ ምን እየበላ እንደ ተዋጋ ከጸሐፊዎቹ አንዱም አላሳሰበውም። ስለዚህ መረቁን የሚያጣፍጡበትን፣ ዓሣ በጨው አበስብሰው የሚያወጡትን ውሃ በራሳችን ሞከርነው። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ አይቸግረንም ብለን ነበር፤ ዓሣስ አልቸገረንም። ማሰሮውን ፀሐይ ላይ ባኖርነው በሳምንቱ እትዬ አደይ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ መጣች። «ልጆቼ፣ አልጠይቃችሁም፤ ማን እንደሆነም አትንገሩኝ። ብቻ በጊዜ ቅበሩት» አለችን። ቀበርነው። እሷ እስከ ዛሬ ድረስ አላመነችንም። አንቺም ጨው ብቻ አድርጊ፤ ይበቃል።

መረቁ የሚፈስበትን፣ እንደ ክር የቀጠነውን የሩዝ ፓስታ በተመለከተ፣ የፎገራ ሩዝ አስፈጭተን ያቦካነው ሙጫ ሆነ፤ አገኘሁ የተገነጠሉ መጻሕፍቴን ጠረዘበት፤ እስካሁን አልለቀቁም። ስለዚህ ከሱቅ ቀጭኑን ፓስታ ግዢ፤ ለብቻው ቀቅለሽ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂው። ናና፣ በሶብላ፣ የተከተፈ ቃሪያና ሎሚ በሳህን ለብቻ ይቀርባል። እንደምታዪው ቀላል ነው። ከባዱ ሥጋው ነው።

ቀይ፣ ጮማ የሌለው ሥጋ ጅማቱን አቋርጠሽ እንደ ወረቀት አሳስተሽ ትቆርጫለሽ። አይበስልም። ጥሬውን በፓስታው ላይ ትደረድሪና የሚንተከተከውን መረቅ ትደፊበታለሽ፤ መረቁ ራሱ ያበስለዋል። እኔ ስቆርጥ አጠገቤ ቆመሽ ያልሽኝን ቃል በቃል እጽፋለሁ፦ «ሥጋው ከመረቁ በፊት ማዕድ እንዳይወጣ። አገርሽን ታውቂያለሽ፤ ጎጃሜ ፊት ጥሬ ሥጋ አስቀምጦ ‹ትንሽ ጠብቅ› ማለት በሰው መቀለድ ነው።» ተሳሳቅን።

እሑድ ቀጠርናቸው። ጓድ አዘዘ በይፋ አይጾሙም ነበር፤ ነገር ግን በረቡዕና በዓርብ ለሥጋ ቢጠሩ የሚታመሙት ሕመም ስለማይጠፋ ጥንቃቄ አደረግን። ካኪያቸውን አስተኩሰው መጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የብርጓል ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ስለመጡ ከኋላቸው ራቅ ብለው ነበር የሚራመዱት፤ በበራችን ላይ ግን አንድ ሆኑ።

«እህስ! የት አለ ቬትናሙ?» አሉ ጓድ አዘዘ።

«እየፈላ ነው፤ ጥቂት ይታገሡን» አልኋቸው።

«ታግሠን ነው ያሸነፍነው!» አሉ። ማንን እንደሆነ አልገለጹም።

ወይዘሮ የብርጓል ሽታውን ሳብ አድርገው፣ «ቀረፋ ቀረፋ ይለኛል፤ ሻይ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሾርባ ነው፣ እትዬ።»

«ውይ! ሾርባማ ለታመመ ነው። እኔ ምን ሆኜ?»

አንቺ ሳቅሽ፤ አጫወትሻቸው፤ የሃኖይን ብስክሌት፣ የሃኖይን ዝናም አነሣሽላቸው። አገኘሁ ዘጌ ሄዷል። እኔ ጓዳ ገብቼ መረቁን ማጥለል ያዝሁ። መረቁ እንደ ጠጅ ጠርቶ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ የጠራ ነገር ሠርቼ አላውቅም። አንቺ ገብተሽ ወጣሽ፤ ሳህን አነሣሽ፤ ቀና ብዬ አላየሁሽም። መረቁን ይዤ ስወጣ ጓድ አዘዘ የመጨረሻዎቹን ቁራጮች በጣታቸው ጠቅልለው ሚጥሚጣ ሲያስነኩ አገኘኋቸው። ወይዘሮ የብርጓል እንኳ ጉንጫቸው ሞልቷል።

«ይኼ ነው ሥጋ!» አሉ ጓድ አዘዘ። «ሃኖይ ሳለን ይህንን አላቀረቡልንም፤ ደብቀውን ነው ለካ!»

አንቺ አፍሽን በእጅሽ ከደንሽ። «ወይኔ! ዘወር ስል እኮ ነው… የሺዬ፣ አሁን ያለ ሥጋ ምን ይባላል? የአገኘሁን ብስክሌት ይዘሽ ዓባይ ማዶ ብቅ በይ፤ የዚህኛው ሥጋ ቤት ዘግቷል። እኔ እንግዶቹን እይዛለሁ።»

ያዝሻቸው።

ቀሚሴን ሰብስቤ በወንድ ብስክሌት በረርሁ። ድልድዩ ላይ የቆመው ወታደር አስቆመኝ።

«ወዴት ነው?»

«ሥጋ ልገዛ።»

«ለማን?»

«ለጓድ አዘዘ።»

«ታዲያ ምን ያቆምሻል!» ብሎ ተቆጣኝ። ያቆመኝ እሱ ነበር፤ ለመከራከር ግን ጊዜ አልነበረኝም። ዓባይን በዚያ ፍጥነት ተሻግሬ አላውቅም። ስመለስ ሥጋው በመሪው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ለራሴ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ ይቀራል፤ አገኘሁ ይቀራል።

በር ላይ ተቀበልሽኝ። ሥጋውን ከእጄ ወስደሽ በጆሮዬ፣ «ነግሬያቸዋለሁ። እሺ ብለዋል» አልሽኝ።

ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች እውነት ነበሩ፤ በዚህ እመሰክርልሻለሁ። አቅፌ ሳምሁሽ። ከዚያ ሥጋውን ቆራርጬ፣ መረቁን አንተክትኬ ቀዳሁ። ጓድ አዘዘ አንዴ ፉት ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑና «ሃኖይ…» አሉ፤ ዕንባቸው መጣ። ቃሪያው ይሆናል። ወይዘሮ የብርጓልም ቀምሰው፣ «ለታመመ ሰው እንኳን እጅግ ጥሩ ነው» ሲሉ ፈረዱ።

ማታ አገኘሁ ከዘጌ ሲመለስ የተረፈውን አሞቅሁለት። ሳህኑን አንሥቶ ጨለጠው።

«እንዴ፣ እቴቴ! ነፍስ ይዘራል እኮ! ለማን ነው እንዲህ የተጨነቅሽው?»

«ለአንተ።»

«ለእኔ? ምን አጠፋሁ?»

«ብላ ዝም ብለህ» አልሁት። ምሥጢሩን ለመንገር አልቸኮልሁም። ደስታዬን እንደ ስኳር በጥቂት በጥቂቱ ልጠቀምበት ፈለግሁ።

በዚያው ሳምንት አብዮት ጠባቂዎቹ ጀልባው ወደብ ሲደርስ ጠበቁት። ገመዱን ወርውሮ፣ ምሰሶው ላይ ጠምጥሞ፣ ጀልባዋን አስሮ ጨረሰ፤ ከዚያ ወሰዱት። ሥራውን እንዲጨርስ ፈቅደውለት ነበር፤ ይህንንም አልክድም። እየሮጥሁ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ተሳስተው ነው ብዬ ስለማምን አላለቀስሁም፤ ፈገግ እያልሁ ነው የገባሁት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ስሕተት ሳይፈጠር አልቀረም። የወንድሜን የአገኘሁን ነገር እሑድ ፀሐይወርቅ ነግራዎት ነበር…»

«የማንን?»

«የአገኘሁን።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ለእኔ የተነገረኝ የአምባቸው ነው። የእጮኛዋ። እሱም ቀርቷል፤ እኔ ቃሌን ጠብቄአለሁ» አሉ፤ ቅር ብሏቸው ነበር። «አገኘሁ የሚባል ስም በዚያ ቤት አልተነሣም።»

ለባላቸው ምሳ አምጥተው እዚያው ተቀምጠው የነበሩት ወይዘሮ የብርጓል ከኋላዬ ተከትለውኝ ወጡ። በግቢው በር ላይ ክንዴን ያዙ። «ልጄ፣ አንቺ ሥጋ ልታመጪ እንደ ወጣሽ ነው የነገረቻቸው። ‹አንድ ብቻ ነው የማስቀረው› ሲሏት ‹አንድ ነው የምለምንዎት› አለቻቸው። እኔ እኮ ስሙን ስሰማ ወንድምሽ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉኝ።

እንደ አምባቸው ላሉት የፋብሪካው ቴክኒሻኖችም ጥሪ ይመጣል እየተባለ በሚወራበት ጊዜ አንቺ እንቅልፍ እንዳልነበረሽ አሁን ይገባኛል። አምባቸውን ትወጂው ነበር። እኔም ባውቅ ኖሮ ምን እንደማደርግ አስቤዋለሁ። ትመጪና «የሺ፣ እኔም ሰው አለኝ» ትዪኝ ነበር። ሁለታችን እናለቅስ ነበር፤ እንጣላ ነበር፤ ምናልባት ዕጣ እንጥል ነበር። ዕጣው ለአንቺ ቢወጣ ሾርባውን ያንኑ ያህል አጥርቼ እሠራልሽ ነበር ብዬ አልዋሽሽም። ግን እሠራው ነበር።

አንቺ ግን ጥሬውን ሥጋ ከነሳህኑ አወጣሽው። ስንት ጊዜ እንዳሰብሁት አትጠይቂኝ። ዘወር ስትዪ አንሥተው በልተውት ቢሆን፣ ሰው ይስታል፣ ባልሁ። ሚጥሚጣውስ? ሚጥሚጣ በአሠራሩ ውስጥ የለም። ከመደርደሪያው አውርደሽ፣ በትንሽ ጭልፋ ለክተሽ፣ ከሳህኑ ጎን ያደረግሽው አንቺ ነሽ። አገርሽን ታውቂያለሽ።

ያም ሆኖ የሚቆጨኝ እሱ አይደለም። የሚቆጨኝ በር ላይ የሰጠሽኝ ደስታ ነው። ከዚያች እሑድ እስከዚያ ወደብ ድረስ እንደ ሞኝ እየዘፈንሁ የመጻሕፍቱን ካርድ ስደረድር፣ አንባቢዎቼ «ምን አግኝታ ነው?» ሲሉ፣ አንቺ ታውቂ ነበር። አንድ ቀን መጥተሽ አብረሽኝ ሻይ ጠጥተሻል። ስቀሻል። ወንድሜን «ዛሬ ጉማሬ ወይስ ማዕበል?» ብለሽዋል።

ከዚያ ሰርግሽ ሆነ። ሾርባውን እንድሠራ ልትልኪብኝ ደፈርሽ፤ ካልተመቸኝ ደግሞ ትልቁን ድስት እንዳውስሽ። ድስቱን ላክሁ። አልተመለሰም።

አሁን ሦስተኛው ጥያቄሽ። አገኘሁ ከማሠልጠኛው ወደ ሰሜን ተልኮ ሁለት ጊዜ ጽፎልኛል። በመጀመሪያው፣ እዚያ ሐይቅ እንደሌለ፣ የመኪና ጭነት ግን እሱ ካሰረው እንደማይፈታ፣ አለቆቹም በዚህ እንደሚወዱት ነገረኝ። በሁለተኛው ብርድ ልብስ እንደሚያስፈልገው ነገረኝና «ያቺ ጋሻ ጃግሬሽ ፀሐይወርቅ ደኅና ናት?» ሲል ጠየቀ። አልነገርሁትም። ከዚያ ወዲህ አልጻፈም። ጋዜጣችን በየዕለቱ ድል ይዞ ይመጣል፤ መደርደሪያው ላይ በቀን በቀኑ አስቀምጠዋለሁ። ብርድ ልብሱን ልኬአለሁ። መድረሱን አላውቅም።

እንግዲህ የጠየቅሽኝን ሁሉ መለስሁ። ለአምባቸው አጣፍጠሽ ሥሪለት፤ ጥፋት የለበትም። ከእንግዲህ በሰው አትላኪብኝ፤ የምትዪው ካለ ራስሽ መጥተሽ በር አንኳኪ። እከፍትልሻለሁ። ምን እንደምልሽ ግን ገና አላውቀውም።

የሺአረግ
ባሕር ዳር

ይህን አሽጌ ልልክ ስል፣ ያን ጊዜ የቀበሌው ጸሐፊ የነበረው ወልደ ዮሐንስ መጽሐፍ ሊመልስ መጥቶ ነበርና የነገረኝን ልጨምርልሽ። የፋብሪካው ቴክኒሻኖች በዚያ ዙር ጭራሽ አልተጠሩም፤ የአምባቸው ስም ከመጀመሪያውም በዝርዝሩ ላይ አልነበረም። የሌሎቹ ስም፣ የአገኘሁም ጭምር፣ በጓድ አዘዘ ፊርማ ወደ አውራጃ የሄደው ከምሳችን በፊት በነበረው ዓርብ ነው። ሾርባውን የበላነው እሑድ ነበር።